መብራት የተሰፋበት ካፖርት፦ ከአውሮራ እስከ ቦልደር

ቦልደር በኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨር በስተ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በተራራዋ ነው። በከተማዋ ጫፍ ላይ ሰፋፊ ቀይ ቋጥኞች ተደግፈው የቆሙ ይመስል ዘንበል ብለው ይታያሉ። ስማቸው «ፍላትአይረንስ» ነው። ፍላትአይረን ማለት ደግሞ የድሮ ካውያ፣ ማለትም የልብስ መተኮሻ ነው። ካውያ ሲያቆሙት እንዴት እንደሚሆን ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ለመገመት አይቸገርም።

እኔ ባለፈው ጥቅምት ወደ ቦልደር የሄድኩት ግን ለተራራው አልነበረም። በካፖርት ምክንያት ነው።

ካፖርቱ የአክስቴ ነው። አክስቴ የምትኖረው አውሮራ ውስጥ ነው። አውሮራ ከዴንቨር ጋር የተያያዘች ከተማ ስትሆን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። በሃቫና ጎዳና ስታልፉ የእንጀራ ቤቱ፣ የቡና ቤቱና የሐበሻ ሱቁ ስም በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። አክስቴ በአንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ሥራ የምትገባው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ከቤት የምትወጣው ገና ጨለማ ሳለ ነው። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው 12 ደቂቃ በእግሯ ትሄዳለች፤ በመሀል ኮልፋክስ የሚባለውን ሰፊ ጎዳና ትሻገራለች። ካፖርቷ ጥቁር ነው። ሻርፗም ጥቁር ነው።

ባለፈው ጥር አብራት የምትሠራ አንዲት ሴት መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫት። ነፍሷ ተርፏል፤ እግሯ ግን ገና አልዳነም። ሹፌሩ ለፖሊስ የሰጠው መልስ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አላየኋትም»። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ በሰውየው አልተቆጣችም። «አልዋሸም እኮ፤ በዚያ ጨለማ እኔም ብሆን አላያትም ነበር» አለችኝ።

ወዲያው ቢጫ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ገዛሁላት፤ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን ዓይነት። አመስግና ተቀበለችኝ። ከሳምንት በኋላ ስመጣ ሰደርያው በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ መለያ ወረቀቱ እንኳን አልተነሳም። «ከሥራ ወጥቼ ለቅሶ ልደርስ እችላለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ልሳለም እችላለሁ። መንገድ ቆፋሪ መስዬ ልሂድ?» አለች። እዚህ ላይ ሙግት የለም። አክስቴ አዲስ አበባ ሳለች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሰው በለበሰው ልብስ እንዴት እንደሚታይ ከኔ የበለጠ ታውቃለች። በር ላይ የተሰቀለ ሰደርያ ደግሞ ማንንም ከመኪና አያድንም።

ስለዚህ ጥያቄው ተቀየረ። አክስቴ በኩራት የምትለብሰው፣ ቀን ቀን ተራ ካፖርት የሚመስል፣ ጨለማ ላይ ግን ሹፌር ከሩቅ የሚያየው ልብስ እንዴት ይሠራል? እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሥራዬ ስክሪን ላይ ነው። ኤሌክትሪክና ጨርቅን አንድ ላይ የመስፋት ነገር ሲነሳ ግን የምትታወቅ አንዲት ከተማ አለች፤ እሷም ከአክስቴ ቤት ሩቅ አይደለችም።

የ12 ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ቅዳሜ ዕለት ተነሳን። ከአውሮራ በባቡር እስከ ዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ቦልደር። የእህቴ ልጅ እዚሁ አሜሪካ ነው የተወለደችው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ቃል ሲጠፋት በእጇ ትጨርሰዋለች። እኔ አክስቴን «አንቺ» ነው የምላት፤ እሷ ግን «እማማ» እና «እርስዎ» ትላታለች። እናቷ አጥብቃ አስተምራታለች።

አውቶቡስ ውስጥ «ኮምፒውተርና መርፌ ምን አገናኛቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የአፖሎን ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው መንኮራኩር የራሱ ኮምፒውተር ነበረው። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የተቀመጠው በገመድ ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዋልተም በምትባል ከተማ፣ ሴት ሠራተኞች ቀጭን ሽቦ በመርፌ መሳይ ነገር ይዘው በትናንሽ የማግኔት ቀለበቶች መካከል ያሳልፉ ነበር። ሽቦው በቀለበቱ ውስጥ ካለፈ «አንድ» ይሆናል፤ ከቀለበቱ ውጭ ከዞረ ደግሞ «ዜሮ»። እኔ ዛሬ በጣቴ የምጽፈውን ኮድ እነሱ በእጃቸው ሸምነውታል ማለት ነው። አንድ ቦታ ከተሳሳቱ ገመዱን መፍታት ነበረባቸው። የእህቴ ልጅ ጥቂት አሰበችና «ታዲያ ለምን መሐንዲስ አይባሉም?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ቦልደር ሲቃረቡ መንገዱ አንድ ጉብታ ላይ ይወጣል። ከጉብታው ላይ ሸለቆው በሙሉ ድንገት ይከፈታል፤ ከተማዋ ከታች፣ ካውያዎቹ ከኋላዋ። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ስልኩን አስቀምጦ ቀና አለ።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለእግረኛ የሚመች ነው። ሕንፃዎቹ በአካባቢው ድንጋይ የተሠሩ፣ ጣራቸው ቀይ ሸክላ የሆነ፣ የጣሊያን ገጠር የሚያስታውሱ ናቸው። ሊያ ቢክሊ የምትባል ሴት በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ትምህርቷን ያጠናቀቀችው እዚህ ነው። ቢክሊ የኮምፒውተር ተማሪ ብትሆንም ጨርቅና የእጅ ሥራ ትወድ ነበር። በዚያ ዘመን ኤሌክትሮኒክስ መሥራት የሚፈልግ ጀማሪ የሚያገኘው ጠንካራ አራት ማዕዘን ሰሌዳና ሽቦ ነበር። ይህን ልብስ ላይ መስፋት አይቻልም። ቢቻልም ይቆረቁራል።

እሷ ያደረገችው ነገር ቀላል ይመስላል። ሰሌዳውን ክብ አደረገችው። ጠርዙን ዙሪያውን እንደ አበባ ቅጠል ከፋፈለችና በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ መርፌ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አበጀች። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ከጨርቅ ነበር የሠራቻቸው። የሽቦውን ቦታ የያዘው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ነው። ስለዚህ መብራቱን ከሰሌዳው ጋር ማያያዝ ማለት መስፋት ማለት ሆነ። አንድ ጊዜ ሲሰፉት ሥራው ሁለት ነው፤ ክሩ መብራቱን ልብሱ ላይ ይይዘዋል፣ ኤሌክትሪኩንም ያደርስለታል።

ይህ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2007 «ሊሊፓድ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ሊሊፓድ ውኃ ላይ ተዘርግቶ የሚንሳፈፍ ክብ ቅጠል ነው። ያመረተው ስፓርክፈን የሚባል የዚሁ አካባቢ ኩባንያ ነው፤ እሱንም እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረተው የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ቢክሊ በሊሊፓድ ከሠራቻቸው ነገሮች አንዱ የብስክሌት ጃኬት ነው። ጀርባው ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያመለክቱ መብራቶች ተሰፍተውበታል። ብስክሌተኛው እጅጌው ላይ ያለውን ሲጫን መብራቱ እንደ መኪና ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ቆይቶ እሷና አንድ የሥራ ባልደረባዋ ሰዎች በእነዚህ ዕቃዎች የሠሯቸውን ሥራዎች ሲመረምሩ አንድ ነገር አገኙ። በተለመደው ሰሌዳ የሠሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ወንዶች ነበሩ። በሚሰፋው ሰሌዳ የሠሩት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ውስጡ ያለው ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ነው። የተለየው በክር መሰፋቱ ብቻ ነው።

ይህን ስናገር የእህቴ ልጅ ቀይ ጣራዎቹን እያየች ነበር። «እማማ እዚህ መማር ይችሉ ነበር» አለች።

ከግቢው ወደ መሀል ከተማ ወርደን ዱሻንቤ ሻይ ቤት ገባን። ቦልደር ከሄዳችሁ አትለፉት። የታጂኪስታን ዋና ከተማ ዱሻንቤ ለእህት ከተማዋ ለቦልደር የሰጠችው ስጦታ ነው። ከ40 በላይ የእጅ ባለሙያዎች እዚያው አገራቸው ቀርጸውና ቀብተው አዘጋጁት፤ ከዚያ ተፈታትቶና በሳጥን ታሽጎ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 እዚህ ተገጣጥሞ ተከፈተ። ጣራው ላይ በእጅ ያልተሠራ አንድ ስንዝር ቦታ አላየሁም። ሻዩ ውድ ነው። ግን ማንም አያስቸኩላችሁም።

እኛም እስኪመሽ ጠበቅን፤ የፈለግነው ጨለማውን ነበርና። ከሻይ ቤቱ አጠገብ የቦልደር ወንዝ ያልፋል፤ ወንዙን ተከትሎም የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አለ። ብዙ መንገዶችን በድልድይ ሥር ስለሚያቋርጥ ብስክሌተኛ መኪና ሳያገኘው ረጅም መንገድ መሄድ ይችላል። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የሚያልፈውን ሰው ቆጠርን። ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት ሥራ አንድ ነው፦ ከሩቅ የሚመጣው ነገር ሰው መሆኑን መቼ እንዳወቀችና በምን እንዳወቀች መጻፍ።

ማስታወሻዋን ያኔውኑ አሳየችኝ። ደረቱ ላይ አንድ መብራት ያለው ሰው «ነጥብ» ብላ ጽፋለች። ነጥብ ምሰሶ ሊሆን ይችላል፤ የቤት መስኮትም ሊሆን ይችላል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ያሰረ ሯጭ ግን ገና ከሩቅ ሳለ «ሰው!» ብላ ጽፋለች። ምክንያቱም ሁለት ነጥቦች ወደ ላይና ወደ ታች፣ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። እንደዚያ የሚንቀሳቀስ ምሰሶ የለም። የመንገድ ደኅንነት ተመራማሪዎችም ይህንኑ ደጋግመው አሳይተዋል። የሚያንጸባርቀው ነገር በቁርጭምጭሚት፣ በጉልበትና በእጅ አንጓ ላይ ሲሆን ሹፌር እግረኛን በጣም ቀድሞ ይለያል። ዓይናችን የሰውን አረማመድ ያውቃል።

ይህ ለምን ዋጋ እንዳለው በቁጥር ልንገራችሁ። በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 18 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የመኪና ዝቅተኛ መብራት አጥርቶ የሚያሳየው ከ50 እስከ 60 ሜትር ያህል ነው። ጥቁር ካፖርት የለበሰችን ሴት ሹፌሩ ያያት እንደሆነ፣ ለማሰብና ፍሬን ለመያዝ ያለው ጊዜ ሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው።

በመልስ ጉዞ ላይ ስለ አንድ ሌላ ጃኬት አወራን። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉግልና ሊቫይስ ለብስክሌተኞች የሚሆን የጂንስ ጃኬት አውጥተው ነበር፤ ዋጋው 350 ዶላር። በግራ እጅጌው ጫፍ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ተሸምኗል። እጅጌውን በእጅ በመዳበስ ስልክ ማንሳት፣ ሙዚቃ መቀየር፣ አቅጣጫ መጠየቅ ይቻል ነበር። ሽመናው የሚደነቅ ነው፤ በዓይን አይለይም። ነገር ግን ጃኬቱ የሚሠራው በስልክ መተግበሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ጉግል መተግበሪያውን ዘጋው። ጃኬቱ አልተቀደደም፣ ክሩም አልተበጠሰም፤ ግን ተራ ጃኬት ሆነ። የኔ ሙያ ሶፍትዌር ስለሆነ ይህን ስናገር ትንሽ አፍራለሁ፤ ቢሆንም ለአክስቴ ካፖርት የመጀመሪያ ውሳኔዬ ይህ ሆነ፦ ስልክ የለም፣ መተግበሪያ የለም፣ ኮምፒውተርም የለም። ሊሊፓዱም ራሱ ቀረ። መብራት፣ ክርና የባትሪ ድንጋይ ይበቃሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቡና በኋላ የአክስቴ ጠረጴዛ ላይ ካፖርቱን ዘረጋነው። እኔ በወረቀት የሣልኩትን አሳየኋት። መነጽሯን አደረገችና በጣቷ ተከተለችው። «እጅጌው ላይ መብራት ልታደርጊ ነው? ክሩ ከትከሻው ላይ እስከ እጅጌው ይሄዳል ማለት ነው?» አዎ አልኳት። «ትከሻ በቀን ሺህ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ክርሽ ብረት ነው፤ አይለጠጥም። በሳምንቱ ይበጠሳል።» ትክክል ናት። ስለዚህ እጅጌው ጫፍ ላይ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ብቻ ሆነ፤ ጥብጣብ ባትሪ አይፈልግም። ቀን ላይ ግራጫ ነው፣ እንደ ማንኛውም ጌጥ። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ግን ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። መብራቶቹን ከታች በጠርዙ ዙሪያ አደረግናቸው። ስትራመድ የሚወዛወዘው እሱ ነው፤ ስትሻገር መኪናው የሚመጣው በጎኗ ነው።

ክሩን በተመለከተ ትንሽ ላብራራ። ከማይዝግ ብረት የተፈተለ ክር ነው፤ እንደ ተራ ክር በመርፌ ይገባል። ግን እንደ መዳብ ሽቦ ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። በቴስተር ስለካው በአንድ ሜትር 40 ኦም ያህል ነበር። ውኃ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲሄድ ጉልበቱ እንደሚያንስ አስቡት። በዚህ ምክንያት ከባትሪው ርቆ ያለው መብራት ደብዘዝ ይላል። ይህን ለአክስቴ እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ እሷ መስፋት ጀምራለች፤ ክሩንም ድርብ አድርጋዋለች። «ነጠላ ክር ለካፖርት?» አለች፣ ሌላ ምክንያት አልሰጠችም። ክር ሲደረብ የኤሌክትሪኩ መንገድ ሁለት ይሆናል፤ ሬዚስታንሱም በግማሽ ይቀንሳል። ሁለታችንም የፈለግነው ድርብ ክር ነበር፤ እሷ ለጥንካሬው፣ እኔ ለኤሌክትሪኩ።

ሌላው ጭንቀቴ ሁለቱ መስመሮች፣ ማለትም የባትሪው አዎንታዊና አሉታዊ ጫፎች መስመር፣ እንዳይነካኩ ነበር። ከተነካኩ ባትሪው በከንቱ ያልቃል፤ ሊሞቅም ይችላል። አክስቴ አንዱን መስመር በካፖርቱ ጨርቅ ላይ፣ ሁለተኛውን በገበሩ ላይ ሰፋችው። ገበር የምንለው በውስጥ በኩል ያለውን ለስላሳ ጨርቅ ነው። በመሀል ሌላ ስስ ጨርቅ አለ። እኔ ቋጠሮዎቹን የጥፍር ቀለም ቀባኋቸው፤ የክሩ ጫፍ እየተፈታ ጎረቤቱን እንዳይነካ ይጠብቀዋል።

ማብሪያና ማጥፊያው የእህቴ ልጅ ሐሳብ ነው። ካፖርቱ ተጭነውት ጠቅ የሚል የብረት ቁልፍ አለው። ብረት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ስለዚህ አንዱን መስመር በዚያ ቁልፍ በኩል አሳለፍነው። አክስቴ ካፖርቷን ስትቆልፍ መብራቱ ይበራል፤ አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ስትከፍተው ይጠፋል። ማስታወስ የሚያስፈልጋት ነገር የለም።

ስድስት ቢጫ መብራቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ ሬዚስተር አብሯቸው አለ። ስድስቱ አንድ ላይ 30 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳሉ። ባትሪዎቹ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ሲሆኑ በውስጥ ኪሷ ውስጥ ተቀምጠዋል። 30 ሰዓት ያህል ያበራሉ ብንል፣ አክስቴ በሳምንት የምትሄደው በአጠቃላይ ሁለት ሰዓት ስለሆነ ሦስት ወር ያቆይዋታል። ካፖርቱ ሲታጠብ ባትሪው ይወጣል፤ በእጅና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ጭርስ አድርጎ ሳይደርቅ ባትሪ አይገባም።

ሁለት ሳምንት ከለበሰችው በኋላ ከሥራ ባልደረቦቿ ሦስቱ ካፖርታቸውን ይዘው ቤቷ መጡ። ከመካከላቸው በጥር የተገጨችው ሴት አለች፤ አሁንም በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ምርኩዟንም ይዛ መጥታለች። «ይህንንስ?» አለች። ምርኩዝ ደግሞ እንደ እግር ስለሚንቀሳቀስ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው፤ ከታች ጫፉ ላይ ጥብጣብ ጠመጠምንበት።

የእህቴ ልጅ አሁን ለገና የምትለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ይዛለች። መብራት ትፈልጋለች። የጥበቡን ወርቃማ ክር አይታ «ይኸው ብረት አለው!» አለች፤ ቴስተሩን ስናስነካው ግን ምንም አላለም። የሚያብረቀርቀው ክር ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ብረት በጣም ሳሳ ያለ ሲሆን እሱም በሌላ ሽፋን ተሸፍኗል። ነጠላው ላይ መስፋትም አይሆንም። ባትሪው ይጎትተዋል፣ ክሩም ስሱን ጨርቅ ይቀደዋል። ይህን ሁሉ በትዕግሥት ያዳመጠችው አክስቴ «ታዲያ መቀነቱ ምን ይሠራል?» አለች። እውነትም መቀነት ወፍራም ነው፣ ወገብ ላይ ይጠመጠማል፣ ባትሪውን በእጥፋቱ ውስጥ ይደብቃል።

የእህቴ ልጅ መቀነቱን ለክታ «3 ሜትር ከ20» ብላ ጽፋለች። በነጠላ ክርና በድርብ ክር ስንት ስንት ኦም እንደሚሆን አስልታ እስክትነግረኝ እየጠበቅሁ ነው።